ልጄ ዘንድሮ ከካቶሊክ ትምህርት ቤት ትወጣለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቢቸና ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሴት ልጄን ከኬጂ ጀምሮ ያስተማርኳት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። እናቴ ከገጠር በመጣች ቁጥር «ልጅቱን ለካቶሊክ ሰጠሻት» እያለች ታለቅሳለች። እኔ እስካሁን ግድ አልነበረኝም። ባለፈው ግን ማተቧን መሳቢያ ውስጥ አገኘሁትና ደነገጥኩ። እሑድ ጠዋት የግል ቱቶሪያል ስላስገባኋት ቅዳሴ ካስቀደሰችም ቆይታለች። ትምህርት ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ለተመራቂዎች ቅዳሴ ያደርጋል፤ ትግባ ወይስ ትቅር? ፈተናው በሰኔ ጾም ቢውል ትጹም? ባለቤቴ ደግሞ «ለፈተና የሚሆን ነገር የሚሰጥ አዋቂ አለ» ይለኛል። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳትገባብኝ በዚህች አንድ ዓመት ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማተቡ ልጀምር። መሳቢያ ውስጥ ስታገኚው ምን አልሻት? አልጻፍሽልኝም። ጮኸሽባት ከሆነ ይቅርታ ጠይቂያት። ካልጮኽሽ ደግሞ ዛሬ ማታ ቡና አፍይና «ልጄ፣ ለምን ፈታሽው?» ብለሽ በቀስታ ጠይቂያት። መልሱ አንቺ የፈራሽው ላይሆን ይችላል። ክሩ ተበጥሶ ይሆናል። ስፖርት ስትሠራ አውልቃው ረስታው ይሆናል። የክፍሏ ልጆች «ፋራ» ብለዋት ሊሆንም ይችላል። ከነዚህ አንዱም ካቶሊክ መሆን አይደለም።

የማውቀው አንድ አባት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ልጁን በቀበቶ ገረፈው። ልጁም ማተቡን መልሶ አሰረ፤ አባትየው ደስ አለው። ልጁ ግቢ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፈታው። ማተብ በጥምቀት የታሰረ ምልክት ነው። ልጅሽ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ አንቺ ነሽ ያሳሰርሽላት። በ18 ዓመቷ ግን ራሷ ናት የምታስረው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። እናትሽን አትቆጫቸው። የጎጃም ሰው ካቶሊክ የሚለውን ቃል ሲሰማ የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡን አስገድደው፣ ደም ፈስሶ፣ በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀዋል። የዚያ ዘመን የካቶሊክ መምህራን ጎጃም ውስጥ መኖሪያ ነበራቸው። ግሽ ዓባይን በዓይኑ አይቶ የጻፈው ፔድሮ ፓኤዝም ከነሱ አንዱ ነው። እንግዲህ እናትሽ የሚያለቅሱት የአራት መቶ ዓመት ልቅሶ ነው። ግን ያ የንጉሥ አዋጅ ነበር። ያንቺ ልጅ የገባችው አንቺ ፈልገሽ፣ ተመዝግበሽ፣ ከፍለሽ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ሦስት ዓመት እንዲማሩ ተደርጓል። ትምህርቱን ተማሩ፤ ከሁሉም በልጠው ተገኙ። ማዕዱን ግን አልቀመሱም። እኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዳንኤል ይህን የወሰነው ያለ እናትና አባት መሆኑ ነው። ማንም አጠገቡ ቆሞ «ተው» አላለውም። ቤቱ ሳለ ያወቀው ነገር ነበር። ጥያቄሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል፤ ልጅሽ ቤቷ ሳለች ምን አወቀች?

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ነገሩ በኛ አካባቢ ረቀቅ ያለ ስለሆነ ነው። የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ሥርዓቱም የግእዝ ሥርዓት ነው። በግእዝ ይቀድሳሉ። ልብሱም ዜማውም ላይ ላዩን ለሚያይ ልጅ ከኛ አይለይም። ስለዚህ ልጅ «ያው እኮ ነው» ብትል አትፍረጅባት። የላቲን ቅዳሴ ብታይ ልዩነቱ ወዲያው ይገባት ነበር። እዚህ ግን ልዩነቱን ማየት የሚችለው የተማረ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር እንደ ልጅሽ ያለች ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ መንፈስ ቅዱስ የሠረጸው ከአብ ነው ወይስ ከአብና ከወልድ?» አለችኝ። ቤት ጠይቃ ነበር። አባቷ «ይሄን ቄሶቹን ጠይቂ» ብሏት አለፈ። የሚያሳዝነው መልሱ አባትየው ልጅ ሳለ በቃሉ ሲለው ባደገው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ መኖሩ ነው፤ «ከአብ በሠረጸ» እንላለን። የላቲኑ ጸሎት «ከአብና ከወልድ» ብሎ ጨምሮበታል። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ምሥጢረ ሥላሴን ትነካለች።

ዘንድሮ ልጅሽ ልታውቀው የሚገባው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ይህን። ቀጥሎ «ተዋሕዶ» ማለት ምን እንደሆነ። ቅዱስ ቄርሎስ እንዳስተማረን ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ እንላለን። እነሱ እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ከተዋሕዶ በኋላም ሁለት ባሕርይ ይላሉ። ከዚያ የፓፓው ሥልጣንና ነፍስ ከሞት በኋላ ትነጻበታለች የሚሉት ቦታ አለ፤ እነዚህ በአንድ ከሰዓት ያልቃሉ። ይህን የምታውቀው ልትከራከርበት አይደለም። መምህሮቿን እያከበረች ራሷን እንድታውቅበት ነው። አንቺም አብረሻት ተቀመጭ። ባታውቂው አትፈሪ፤ ልጅ ከእናቷ ጋር አብራ ስትማር ትምህርቱ ይጣፍጣታል።

እንግዲህ አንድ የማይጣፍጥ ነገር ልናገር ነው። እሑድ ጠዋት ልጅሽን ከቅዳሴ ያስቀራት ካቶሊኩ አይደለም። አንቺ የከፈልሽበት ቱቶሪያል ነው። የትምህርት ቤቱ መነኮሳይያት፣ ሲስተሮቹማ፣ እሑድ ጠዋት ራሳቸው ቅዳሴ ላይ ናቸው! ይህን ስጽፍ ፈገግ ብያለሁ፤ አንቺም ፈገግ በይ። ቱቶሪያሉን ወደ ከሰዓት አዙሪው። አስተማሪው አልችልም ካለ ሌላ ፈልጊ። ልጅ በ12ኛ ክፍል ዓመት እናቷ ምን እንደምታስቀድም በደንብ ታያለች፤ ነገ ግቢ ገብታ የእሑድ ጠዋቷን ለምን እንደምታውለው የምትወስነው ከዚህ ባየችው ነው።

ጭንቀትሽ ይገባኛል። ፈተናው ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። በዚያ ላይ በክልላችን በጸጥታው ምክንያት ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ ተፈናቅሏል። ልጅሽ ዘንድሮ ክፍል ገብታ መማር መቻሏ ራሱ ምስጋና የሚገባው ነው። ግን ሁለት የእሑድ ሰዓት ፈተናውን አይጥላትም።

ስለ «አዋቂው» አጭር መልስ፦ አይሆንም። ረጅሙን መልስ ደግሞ ልንገርሽ፤ እኛ ጎጃሞች በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንምና። ቅኔ ቤት ሳለን ማታ ማታ የማይቀር ወሬ የአብሾ ወሬ ነበር፤ አብሾ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣ ዕፅ ነው። «እገሌ ጠጥቶ ቅኔው ጎረፈለት» ይባላል። ጎረፈለት የተባለውን ሰው ግን አይቼው አላውቅም። ያየሁት ጓደኛዬን ነው። ጠጣና ሦስት ቀን ዛፍ ሲያናግር ከረመ። የኔታ በገመድ አሳስረው፣ ጠበል አስረጭተው፣ እያለቀሱ «ልጄ፣ ቅኔ ሲያስቡ፣ ሲቆጥሩ በመዋል እንጂ በመጠጥ አይገኝም» አሉት። እንዲህ ያለው ነገር አእምሮ የሚያናጋ መርዝ ነው። ክታቡም፣ እስክሪብቶ ላይ የሚደገመውም ከጥንቆላ የሚቆጠር ነው። ባለቤትሽን አታዋርጂው፤ የሚያስጨንቀው የልጁ ነገር ነው። «ገንዘቡን ለመጽሐፍ እናድርገው» በይው። ጠበል ከሆነ የፈለገው እሰየው፤ ይዟት ይሂድ። እግረ መንገዳቸውን አባትና ልጅ ያወራሉ።

ስለ ተመራቂዎቹ ቅዳሴ የመምህራኑ መልስ አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ «ደጁን እንዳትረግጥ» ይላሉ። ከእምነታችን ውጭ ካሉ ጋር በጸሎት መተባበርን የሚከለክል ቀኖና አለና ከመሬት ተነሥተው አይደለም። የኔ ምክር ይህ ነው። አስቀድማ፣ ቀኑ ሳይደርስ፣ ራሷ ለሲስተሯ ሄዳ ትንገር፦ «እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ከቅዳሴው በኋላ ባለው ፕሮግራም ልገኝ» ትበል። አንቺ አትንገሪላት። ከልጆቹ ብዙዎቹ የኛ መሆናቸውን ትምህርት ቤቱ አሳምሮ ያውቃል፤ በአክብሮት ከተጠየቁ ያስቸግራሉ ብዬ አልጠብቅም። መግባት ግድ ከሆነባት በእንግዳ ደንብ ከኋላ በጸጥታ ትቀመጥ። ቁርባን ግን በፍጹም አትቀበል። ቁርባን የአንድ እምነት ማኅተም ነው፤ ለጓደኛ ተብሎ፣ ለፎቶ ተብሎ አይቀርቡበትም። ጋውን መልበሱ፣ አበባው፣ ኬኩ ምንም የለበትም።

ከዚህ በፊት ተቀብላ እንደሆነም ጠይቂያት። ሕፃን ሳለች ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ ሊሆን ይችላል። አዎ ካለችሽ ፊትሽ እንዳይለወጥ። ይዘሻት ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂጂ፤ የሚደረገውን እሳቸው ያውቃሉ።

ጾሙን በሚመለከት፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ላይ ሲጀመር ጾሙ ውስጥ ይገባል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ደግሞ ልጆቹ በብዛት ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው አድረው ነው። ስልክ አይገባም። ስለዚህ በነዚያ ቀናት «ልጄ በላሽ?» ብለሽ መደወል የለም። ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ትችለዋለች። እስከ ሰዓቱ ሳይበሉ መቆየቱን ግን የንስሐ አባቷ ሊያቀልሉላት ይችላሉ፤ ራሷ ቀድማ ትጠይቃቸው። አንቺ በሶ በደንብ ፈጭተሽ፣ ዳቦ ቆሎ ጨምረሽ ቋጥሪላት። ዳንኤል ዐሥር ቀን በጥራጥሬና በውኃ ፊቱ አበራ የለ! እኛም በቆሎና በበሶ ነው ያደግነው።

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ንስሐ አባቷ ዘንድ ትሂድ። ለብቻዋ። አንቺ ደጅ ቁጭ በይ። ብትችል በትንሣኤ ሰሞን ትቁረብ። ለፈተናው ቀን ብላ ከምትቆርብ አሁን ብትጀምረው ይሻላል፤ ያኔ ቁርባኑ የፈተና መድኃኒት መስሎ እንዳይታያት። ስለትም ካሰብሽ በራስሽ ስም ተሳይ። «ካለፈች መርጡለ ማርያም ይዣት እሄዳለሁ» ብለሽ ልጅቱን በስለት አትሰሪያት፤ የሚሄደው እግር ያንቺ ይሁን።

ውጤቱ ሲመጣ ቢከፋስ? ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ፣ እንደገና መፈተንም አለ። ብቻ በዚያች ቀን ከአፍሽ «ይህን ሁሉ ዓመት ከፍዬብሽ» የሚል ቃል እንዳይወጣ። ካለፈች ደግሞ የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጉባኤ፣ ማለትም የኛ ተማሪዎች የሚሰባሰቡበት ጉባኤ፣ እንዳለው ጠይቁና ከእዚያው ከተማ የሚኖር ዘመድ ጋር አገናኟት። ሩቅ ቢደርሳት አትደንግጪ። ሐዋሳም ቢደርሳት ሚካኤልም ገብርኤልም እዚያ አሉ።

የቀረው የሲስተሮቹ ነገር ነው። ልጅሽን 14 ዓመት ፊደል ያስቆጠሩ፣ ሲያማት ቤትሽ የደወሉ ሰዎች ናቸው። ሃይማኖት መለየት ውለታ መርሳት አይደለም። በምርቃቱ ቀን ትልቅ ድፎ ዳቦ ጋግረሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ እናትሽንም ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ እምቢ ካሉ «መምህር ብለዋል» በያቸው። እናትሽ ቆርሰው ሲስተሮቹን ካጎረሷቸው በኋላ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።