በአራት ቀን ያልተጫነው ድራይቨር

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ድሬዳዋ ከዚራ እንደምትኖሪ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሽ አንድ ዓመት እንዳለፈሽ፣ ሐረር የሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም በሲስተም ድጋፍ ባለሙያነት ሊቀጥርሽ እንደ ጠራሽ፣ አንቺ ግን ከቤትሽ ሆነሽ በርቀት የምትሠሪው የፕሮግራመርነት ሥራ እንደምትመኚ ጽፈሽልኛል። ለዚሁ ምኞትሽ ማሳያ እንዲሆን የጀመርሽው ፕሮጀክት ግን ፕሮግራምን ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር፣ ሳይኮፒጂ 2፣ በፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (የአንድ ፕሮጀክት ፓኬጆች ለብቻቸው በሚቀመጡበት ፎልደር) ውስጥ አልጫን ብሎሽ አራት ቀን ሙሉ ቆሟል። የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛልሽ ታላቅ ወንድምሽም «አንድ ነገር ለመጫን አራት ቀን የሚፈጅብሽ ከሆነ ሙያው ያንቺ አይደለም፤ ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቅ ያዢ» ብሎሻል። አንቺም «ወንድሜ እውነቱን ይሆን?» ብለሽ ትጠይቂኛለሽ።

እውነቱን አይደለም። ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአንድ በአንድ መስመር አልፋቸዋለሁ፤ ይህኛውን ግን ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ከአንቺ በፊት ብዙ ወጣቶች በዚሁ ቦታ ላይ ተሰናክለው ሙያውን ሲተዉት አይቻለሁ። በክፍል ውስጥ ኮድ መጻፍ ዋናው ሙያ ሆኖ ይቀርባል፤ ኮዱ የሚሠራበትን ቦታ ማሰናዳት ግን ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ተራ ነገር ተደርጎ ይታለፋል። ተማሪው ታዲያ የመጀመሪያው የጭነት ስህተት ሲገጥመው ችግሩን ሳይሆን ራሱን መመርመር ይጀምራል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያየሁት ግን ድራይቨሩ ለምን እንዳልተጫነ ማወቅ የሙያው ዋና አካል መሆኑን ነው።

የላክሽልኝን የስህተት መልእክት በጥሞና አንብቤዋለሁ። አንድ ችግር መስሎሽ አራት ቀን የታገልሽው በተከታታይ የመጡ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ነበር፤ የመጀመሪያውን ስትፈቺ ሁለተኛው ቦታውን ስለያዘ ምንም ያልተራመድሽ መሰለሽ እንጂ በየዕለቱ ተራምደሻል።

የመጀመሪያው ኡቡንቱ 24.04 በተባለው የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ፒፕን (የፓይተን ፓኬጆችን የሚጭነውን ፕሮግራም) በቀጥታ ስታዢው «ይህ ኢንቫይሮመንት የሚተዳደረው ከውጭ ነው» የሚል ትርጉም ያለው መልስ የሰጠሽ ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የራሱ መሣሪያዎች አያሌዎቹ በፓይተን የተጻፉ ስለሆኑ፣ አንቺ ለፕሮጀክትሽ የምትጭኚው ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) እነርሱ የሚመኩበትን ላይብረሪ እንዳይተካባቸው ሲስተሙ በሩን ዘግቷል። አንቺ ግን አንድ ሰው በቴሌግራም በነገረሽ መሠረት «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን አማራጭ ጨምረሽ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስፈጽመው ትእዛዝ) ለማስገደድ ሞክረሻል። የአማራጩ ስም ራሱ የሚያደርገውን ይናገራልና ዳግመኛ እንዳትነኪው እለምንሻለሁ። ይህን የምለው ዋጋውን ከፍዬ ስለማውቀው ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ይህ ጥበቃ ገና ባልነበረበት ጊዜ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ለአንድ አነስተኛ ሪፖርት ብዬ አንድ ላይብረሪ በሱዶ ከፍ አደረግሁ፤ በማግስቱ ጠዋት የድሮውን ቅጂ ይጠቀም የነበረው ሌላ ሥራ ቆሞ፣ ደንበኞች በመስኮቱ ፊት ተሰልፈው ሲጠብቁ እኔ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የነካሁትን ስፈልግ ዋልኩ። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ችግር ዋነኛው ነው። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን በትክክል ከፍተሽ፣ አንቅተሽ፣ ሳይኮፒጂ 2ን ስትጭኚ «ፒጂ ኮንፊግ የተባለው ፕሮግራም አልተገኘም» አለሽ። አንቺም «ኢንቫይሮመንቱ ሁሉንም ነገር በውስጡ መያዝ አልነበረበትም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሱ አልነበረበትም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከፓይተን 3.3 ጋር አብሮ የሚመጣው ቬንቭ፣ ኢንቫይሮመንቱን የሚፈጥረው መሣሪያ፣ የሚለየው የፓይተን ፓኬጆችን ብቻ ነው፤ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ላይብረሪዎች አይለይም፣ አያመጣምም። ሳይኮፒጂ 2 ደግሞ በአብዛኛው በሲ ቋንቋ የተጻፈና ሊብፒኪው በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ላይብረሪ ላይ የተደገፈ ነው። ለሊኑክስ በዚህ ስም የሚወርደው ምንጭ ኮዱ ብቻ ስለሆነ ፒፕ እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ኮምፓይል ሊያደርገው (ወደ ማሽን ቋንቋ ሊተረጉመው) ይነሣል፤ ለዚህም የሲ ኮምፓይለር፣ የፓይተን የሄደር ፋይሎች (ኮምፓይለሩ የሚያነባቸው መግለጫዎች)፣ የሊብፒኪው የሄደር ፋይሎች፣ እነዚህም የት እንዳሉ የሚጠቁመው ፒጂ ኮንፊግ ያስፈልጉታል። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ሥራው ይቆማል።

መፍትሔው ከኢንቫይሮመንቱ ውጭ ነው። በሲስተሙ ደረጃ የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ በሆነው በአፕት አማካይነት ቢልድ ኢሴንሻል፣ ፓይተን 3 ዴቭ እና ሊብፒኪው ዴቭ የተባሉትን ሦስት ፓኬጆች ጫኚ፤ ሱዶ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ኢንቫይሮመንትሽ ተመልሰሽ ያለ ሱዶ ፒፕን እዘዢ። ረጅሙን ቀይ ጽሑፍ ስታነቢም የመጨረሻው መስመር መጫኑ እንዳልተሳካ ብቻ ስለሚነግርሽ ከፍ ብለሽ መጀመሪያ «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ፈልጊ። ጂሲሲ አልተገኘም ካለ የጎደለው ኮምፓይለሩ ነው፤ ፓይተን ዶት ኤች አልተገኘም ካለ የፓይተን ሄደሮች ናቸው፤ የሊብፒኪው ሄደር ፋይል አልተገኘም ካለ ደግሞ ሊብፒኪው ዴቭ ነው።

ቴሌግራም ላይ «ባይነሪውን ጫኚና ተገላገይ» ያለሽ ሰው አላሳሳተሽም፤ ምክንያቱን ግን አልነገረሽም። ሳይኮፒጂ 2 ባይነሪ አስቀድሞ ኮምፓይል ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ኮምፓይለር አይጠይቅም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ለልምምድና ለሙከራ እንድንጠቀምበት፣ ሰው በሚገለገልበት ሰርቨር ላይ ግን ከምንጩ ኮምፓይል እንድናደርግ ይመክራሉ። ባይነሪው የራሱን የሊብፒኪው ቅጂ ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ሲስተሙ የደኅንነት ማሻሻያ ሲያገኝ ያ ቅጂ አብሮ አይሻሻልም። ስለዚህ ለማሳያ ፕሮጀክትሽ ባይነሪው ይበቃሻል፤ በሐረሩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ግን ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠበቅብሻል።

እንዲህ ያለው ዝግጁ ፓኬጅ ዊል ይባላል፤ መንኮራኩር ማለት ነው። አባቴ በከተማችን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ስለነበር ይህን ስም ስሰማ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሐዲድ ነው። የድሮው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ ለአንዱ የተሠራ መንኮራኩር የቱንም ያህል ደኅና ቢሆን በሌላው ላይ አይሄድም። ዊልም የሚሠራው ከተሠራለት የፓይተን ቅጂ፣ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ከፕሮሰሰሩ ጋር ሲገጥም ነው። በቅርቡ የወጣ የፓይተን ቅጂ ላይ የሚገጥም ዊል ገና ካልተዘጋጀ ፒፕ ምንጩን አውርዶ ወደ ኮምፓይል ይመለሳል፤ ትናንት ጓደኛሽ ዘንድ በአንድ ደቂቃ የተጫነው ዛሬ አንቺ ዘንድ እንቢ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ችግር ባይነሪው «በተሳካ ሁኔታ ተጭኗል» ካለሽ በኋላም ፕሮግራምሽ «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ማለቱ ነው። ኮምፒውተርሽ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን አለ፤ አንቺ በአንዱ ጭነሽ በሌላው ታስኬጂያለሽ። ኢንቫይሮመንቱ ነቅቶ እያለ እንኳ ሱዶ ፒፕ ብለሽ ካዘዝሽ ትእዛዙ የሚሄደው ወደ ሲስተሙ ፒፕ ነው። ኮድ የምትጽፊበት ኤዲተርም የራሱን ፓይተን መርጦ ሊሆን ይችላል። ፒፕን በስሙ ብቻ አትጥሪው፤ «ፓይተን ሰረዝ ኤም ፒፕ» ብለሽ በምታስኬጂበት ፓይተን በኩል ጥሪው። ከዚያም ከፕሮግራምሽ ውስጥ፣ የሚያስኬደው ፓይተን የት እንዳለ የሚያሳየውን ሲስ ዶት ኤግዚኪዩተብል አሳትመሽ መንገዱ ወደ ኢንቫይሮመንትሽ ፎልደር የሚያመራ መሆኑን አረጋግጪ። ፎልደሩን ከቦታ ቦታ አዛውረሽው ከሆነ ደግሞ በውስጡ የተጻፉት መንገዶች የድሮውን አድራሻ ስለሚይዙ ለመጠገን አትድከሚ፤ አጥፍተሽ እንደ ገና ፍጠሪው።

በመረጃ ጥቅል ውድነት የተማረርሽውንም አልረሳሁትም። ፓኬጆቹን አንድ ጊዜ በፒፕ ዳውንሎድ ወደ አንድ ፎልደር ካወረድሻቸው፣ በኋላ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከዚያ ፎልደር ብቻ እንዲጭን ልታዢው ትችያለሽ። ይህ ዘዴ ሰርቨሮቻቸውን ከኢንተርኔት ለይተው በሚያስቀምጡ መሥሪያ ቤቶችም በየጊዜው ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልመለስ። የሚያግዝሽ ሰው ስለሆነ አክብሮቴን አልነፍገውም፤ ነገር ግን በማያውቀው ሙያ ላይ ፈርዷል። ሱቁን ሲከፍት ዕቃ የሚያመጣለትን ሰው እስኪያገኝና ደንበኛ እስኪለምድለት ስንት ወር እንደ ፈጀበት ጠይቂው። ያንን ጊዜ የመማሪያ ጊዜ ብሎ ከቆጠረ፣ ያንቺን አራት ቀን የችሎታ ማነስ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይገባውም። በአንጻሩ ደግሞ፣ ቅር እንዳይልሽ፣ ወንድምሽ በአንድ ነገር ልክ ነው፦ ከተመረቅሽ ዓመት ካለፈሽ በኋላ የምትኖሪው በእርሱ ኪስ ነው፤ ይህም ለዘለቄታው ሊሆን አይችልም። መልሱ ግን ሱቁ አይደለም፤ ሐረር ያለው ሥራ ነው።

«ድጋፍ ሰጪ ሆኜ ከገባሁ ፕሮግራመር መሆኔ ይቀራል» ብለሽ ፈርተሻል። እኔ የጀመርኩት ከዚያው ነው፤ ፕሪንተር ስጠግን፣ ኬብል ስዘረጋ፣ በኋላም ማንም ሊነካው የማይደፍረውን ሰርቨር ስረከብ ነው ዳታቤዝን ያወቅሁት። የቁጠባና ብድር ተቋም ሒሳቡን የሚይዘው በዳታቤዝ ላይ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ወይም የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ቢሆን የተማርሽው አይባክንም። ማይኤስኪውኤል ክላየንት የተባለው የፓይተን ድራይቨርም እንዲሁ የሲ ሄደሮችን ይጠይቃል፤ ፓይማይኤስኪውኤል ግን ሙሉ በሙሉ በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ ኮምፓይለር አይፈልግም። ለኤስኪውኤል ሰርቨር የምትጭኚው ፓይኦዲቢሲ ደግሞ ድልድይ ብቻ ነው፤ እውነተኛው የኦዲቢሲ ድራይቨር በሲስተሙ ላይ ለብቻው ይጫናል። በርቀት የሚሠራውን ሥራ አትመኚ አልልሽም፤ ደመወዝ እየተቀበልሽ፣ ማታ ማታ ፕሮጀክትሽን እየሠራሽ ፈልጊው። ባዶ እጅሽን ሆነሽ ስትፈልጊው የመጣውን ሁሉ ትቀበያለሽ።

ሁለተኛ ዲግሪ አሁን አያስፈልግሽም። ላፕቶፕሽ ያረጀ ቢሆንም ኡቡንቱንና ፖስትግሬስን እስከ ቻለ ድረስ በብድር አዲስ አትግዢ። እንግሊዝኛሽ የስህተት መልእክት ለማንበብ በቂ ነው፤ በማንበብም ይጨምራል። የምስክር ወረቀቶችሽን አያይዢ፤ ከሁለት በላይ ግን አትደርድሪ።

በየቀኑ ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መመላለስ ጉልበትሽንም ደመወዝሽንም ስለሚጨርስ፣ ቢያንስ በሙከራው ጊዜ ሐረር ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር በጋራ መኖርን አስቢበት፤ ቁርጡን ሳታውቂ ግን ቤት አትከራዪ። ወደ ቃለ መጠይቁ ስትሄጂ ያለፉትን አራት ቀናት በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ፦ ስህተቱ ምን አለ፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ በምን ተፈታ፣ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ከመነሻው ቢደገም የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ምንድን ነው። ጽሑፉን ከማቅረብሽ በፊትም ኢንቫይሮመንቱን አጥፍተሽ በጻፍሽው ቅደም ተከተል ብቻ ዳግመኛ ጫኚና ሞክሪው። ቃለ መጠይቁ ላይም አንቺ በተራሽ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ከዋናው ሰርቨር የተለየ የመሞከሪያ ማሽን አላቸው ወይ፣ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘውና መልሶ መነሣቱን የሚፈትነው ማን ነው። ለሁለቱም «የለንም» ካሉሽ አትደንግጪ፤ ሥራው ከተሰጠሽ በመጀመሪያው ሳምንት የምትጀምሪው ከዚያ ነው።