ጓሮሽን ስለሚጨርሰው ቀንድ አውጣ፦ ጨዉን ተዪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ዝናቡ ከገባ ጀምሮ ማታ ደህና የነበረው የሰላጣና የቆስጣ ችግኝ ጠዋት ግንዱ ብቻ ቀርቶ ይገኛል ብለሻል። አንዱ ጨው ነስንሺበት አለሽ፣ ሌላዋ የእንቁላል ቅርፊት አለች፣ እናትሽ ደግሞ እንዶድ ይሻላል ብለዋል። የቱን ልያዝ ነው ነገሩ። የተረፈውን ጎመንስ ሰው ይብላው ወይ፣ ቢልሃርዝያ አያመጣም ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም አዲስ አበባ ነኝ፣ ጓሮዬ ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከነሱ ጋር ነው ትግሉ። ስለዚህ ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ ጨው የሚባለውን እርሺው። ቀንድ አውጣውን ይገድለዋል፣ እውነት ነው። ግን ዝናቡ ያቀልጠውና አፈርሽ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ሰላጣውም ቆስጣውም ከቀንድ አውጣው እኩል ይጎዳል። በረኪና የሚያፈሱም አሉ፣ እሱን ጭራሽ አታስቢው።

ቀጥሎ፣ በእርግጥ እነሱ መሆናቸውን አረጋግጪ። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ የስልክሽን ባትሪ አብርተሽ ውጪ። እነሱ ከሆኑ እዚያው ቅጠሉ ላይ ታገኛቸዋለሽ። ቅርፊት ያለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅርፊት የሌለውን፣ ስላግ የሚሉትን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ጠዋት የለም፣ ቀለሙም አፈር ነው የሚመስለው፣ ጥፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሱ ነው። ጠዋት ከሆነ ቅጠሉና አፈሩ ላይ ደርቆ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ፈልጊ። ልጋግ ከሌለና ችግኙ ከሥሩ ተቆርጦ አጠገቡ ወድቆ ካገኘሽው ሌባው ሌላ ነው። ጣትሽን አስገብተሽ አፈሩን ጫር ጫር አድርጊው፣ ግራጫ መሳይ ትል ክብ ሆኖ ተጠቅልሎ ታገኛለሽ። እሱ ቆራጭ ትል ነው፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ብዙም አይሠራለትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሁሉም ሰው የሚነሰነስ ነገር ነው የሚፈልገው። እኔ የምልሽ፣ የሚነሰነሰውን ትተሽ ቀን ቀን የሚውሉበትን ቦታ ፈልጊ። ቀንድ አውጣ ፀሐይና ድርቀት አይችልም። ማታ በልቶ ሲነጋ እርጥብና ጨለማ ወደሆነ ቦታ መግባት አለበት፣ ያ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመደቡ አጠገብ እኛው ያስቀመጥንለት ነው። የተረፈ ብሎኬት፣ የወደቀ ጣውላ፣ የድሮ ጎማ፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር፣ አጥር ሥር ያለ አረም። ነገ ጠዋት አንድ ብሎኬት ገልብጪና እዪ። ከሥሩ እርስ በርስ ተጣብቀው ያደሩትን ታገኛለሽ፣ አፈሩን ትንሽ ስትጭሪው ደግሞ ማሽላ የሚያክሉ፣ ነጣ ብለው ብርሃን የሚያሳልፉ እንቁላሎች ተከማችተው ይታዩሻል። ዋናው ሀብት እሱ ነው። ወንድና ሴት ብለው አይለዩም፣ እያንዳንዱ ሁለቱንም ነው፣ ስለዚህ ያገኘሽው ሁሉ እንቁላል ጣይ ነው ማለት ነው። እንቁላሉን ፀሐይ ላይ ገልጠሽ በትኚው፣ ይደርቃል። ዶሮ ካለሽማ ጥሪያት።

ቁሳቁሱን ከመደቡ ካራቅሽ፣ አረሙን ካጸዳሽ፣ ጉዝጓዙንም፣ አፈሩን የሸፈንሽበትን ሣርና ገለባ፣ ከችግኙ አንገት ገለል ካደረግሽ በራሱ ትልቅ ለውጥ ታያለሽ። ጉዝጓዝ ጥሩ ነገር ነው፣ ለበጋ ወደር የለውም፣ ክረምት ላይ ግን ለነሱ ምቹ ፍራሽ ነው። ውሃ የምታጠጪ ከሆነም ጠዋት አድርጊው። ማታ ያጠጣሽ እንደሆነ ልክ እነሱ ሊወጡ ሲሉ መንገዱን አርጥበሽላቸዋል።

አንድ ጣውላ ግን አስቀሪ፣ ለወጥመድ። ማታ መደቡ ዳር አፈሩ ላይ ታጋድሚዋለሽ፣ እርጥብ ጆንያም ይሆናል፣ የሐብሐብ ወይም የፓፓያ ልጣጭ ተደፍቶም ይሠራል። ጠዋት ስትገልብጪው ከሥሩ ተሰብስበው ይጠብቁሻል፣ ላርጎ የገባበት ውሃ ባልዲ ውስጥ መጨመር ነው። ጓንት አድርጊ፣ ከሌለሽ እጅሽን በፌስታል ጠቅልዪ፣ ልጋጉ በቀላሉ አይለቅም። የሚሰቀጥጥሽ ከሆነ ደግሞ የቤቱን ጎረምሳ ላኪ፣ የኛ ቤት በደስታ ነው የሚሄደው።

ቢራ የሚሉት ነገር እውነት ነው፣ ግን በዚህ ዋጋ ለቀንድ አውጣ ቢራ መጋበዝ አይሆንልኝም። የሚስባቸው የእርሾው ሽታ ነው፣ ስለዚህ የጠላ አተላ በደንብ ይሠራል። እርሾ፣ ስኳርና ዱቄት በውሃ ቀጥነው ቢቦኩም ያው ነው። የእርጎ ኩባያ አፈሩ ውስጥ ትቀብሪና አፉን አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ከአፈሩ ከፍ ታደርጊዋለሽ። ከአፈሩ እኩል ከሆነ ጥንዚዛዎቹም ይወድቃሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ የቀንድ አውጣ እንቁላል የሚበሉ ወዳጆችሽ ናቸው። ከላይ ዝናብ እንዳይሞላው የሆነ ነገር ክደኚው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ቀይሪው፣ አለበለዚያ ሽታውን ጎረቤት ይነግርሻል። ግን ብዙ አትጠብቂ፣ በቅርብ ያሉትን ነው የሚይዘው።

ከሁሉም የሚያዋጣው ችግኙን ትንሽ ሳለ ማዳን ነው። ያደገ ጎመን ቅጠሉ ቢበሳም አይሞትም። ሁለት ቅጠል ያወጣ ሰላጣ ግን በአንድ ሌሊት የለም። ስለዚህ ዘሩን በቀጥታ መደብ ላይ አትበትኚ። ከፍ ያለ ቦታ፣ ጠረጴዛ ወይም የግንብ አጥር ላይ፣ በዕቃ አፍዪውና አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ አዛውሪው። ስታዛውሪው ባለሁለት ሊትር ሀይላንድ ቂጡን ቆርጠሽ ክዳኑን ከፍተሽ ችግኙ ላይ ድፊበት፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አፈሩ ውስጥ ጠለቅ ይበል። ከመድፋትሽ በፊት ግን ዙሪያውን በደንብ እዪ፣ ቀንድ አውጣው አብሮ ከተከደነ እራት አቅርበሽ በር ዘጋሽለት ማለት ነው።

ስለ እንቁላል ቅርፊት፣ የእንግሊዙ የአትክልተኞች ማኅበር፣ ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰላጣ ላይ ያደረገውን ሙከራ ውጤት አውጥቶ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት፣ የመዳብ ቴፕ፣ ጠጠር፣ የዛፍ ቅርፊትና የበግ ፀጉር ፍርፋሪ ሞክረው፣ ምንም ካልተደረገበት ሰላጣ የተሻለ አላገኙም። እኔም ቅርፊቱ ላይ ተዝናንቶ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ያስቸግራቸዋል፣ አንድ ካፊያ ሲያገኘው ግን አበቃ። የሐምሌን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ደግሞ በየቀኑ አመድ ስትጨምሪ የአፈሩን ባህርይ ትቀይሪያለሽ። የቡና አተላም ካፌኑ አብዛኛው በጀበና ወጥቶ ስላለቀ ለኮምፖስት ይሁንልሽ።

የእናትሽ እንዶድ ዝም ብሎ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ያለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ምርምሩም የተጀመረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመውበታል። ግን ያ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው። እንዶድ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ነው የሚሠራው፣ ዓሣም ይገድላል። ጓሮሽ ላይ ብትረጪው ዝናቡ ወስዶ ወደ ቦይ ነው የሚያስገባው፣ የሚበላ ቅጠል ላይ ደግሞ እኔ አልረጭም። እናትሽን ግን አመስግኚልኝ።

ሱቅ የሚሸጠውን መድኃኒት በተመለከተ መለያውን ሳታነቢ አትግዢ። ሜታልዲሃይድ የሚል ከሆነ ይቅርብሽ። የመድኃኒቱ ጠጠር ከምግብ ነገር ጋር ስለሚሠራ ውሻ በልቶት ይሞታል፣ ለሕፃንም አደጋ ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ውጭ ላይ እንዳይጠቀሙት ተከልክሏል። ፌሪክ ፎስፌት ወይም አይረን ፎስፌት የሚለውን ካገኘሽ እሱ በጣም ይሻላል። ሳሳ አድርገሽ በትኚ፣ አትከምሪ። የበላው ቀንድ አውጣ መብላት አቁሞ ተደብቆ ስለሚሞት ሬሳ ባታዪ አልሠራም አትበይ። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ እህትና ወንድሞች፣ የናንተ ስላግ መጠኑ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፣ እዚያ ይሄ ፌሪክ ፎስፌት በቀላሉ ይገኛል።

ዶሮ ጥሩ ናት፣ ግን ችግኝም ትጭራለች። መደቡ ባዶ ሲሆን ልቀቂያት። ጉርጥ ካየሽ አታባሪው፣ ሌሊት ሌሊት ላንቺ ነው የሚሠራው። ደግሞ በጋ ሲገባ ጠፉ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ቅርፊት ያለው አፉን አሽጎ ግድግዳ ስንጥቅና ድንጋይ ሥር ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ እነዚህን ቦታዎች አንዴ ብትፈትሺ ሐምሌ ላይ ሥራሽ ይቀላል።

ቢልሃርዝያውን አትፍሪ። እሱ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ ትል ነው፣ የጓሮው አያስተላልፈውም። ግን አንዳንድ የየብስ ቀንድ አውጣና ስላግ ከአይጥ የሚያገኙት ሌላ ጥገኛ ትል ሊይዙ ይችላሉ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ሰላጣ እጥፋት ውስጥ ገብተው አይታዩም። በጥሬው የሚበላውን ቅጠል በቅጠል ገንጥለሽ በሚፈስ ውሃ እጠቢው፣ ኮምጣጤ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻውን አይበቃም። ልጋግ ያለበትን ቅጠል ጣዪው። ጎመኑን ግን የተበላውን ጠርዝ ቆርጠሽ፣ አጥበሽ፣ በደንብ ቀቅለሽ ብሉት፣ ምንም አይላችሁም። ውሻ ወይም ትንሽ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ መድኃኒት ከመግዛትሽ በፊት የመለያውን ፎቶ እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።