ገንዘቤን ውሃ በላው?

ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ለዝግጅት ክፍሉ የሚደርሱት ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። ስለ ፈተና የሚጠይቁት ይቀሩና «ልጆቹን ምን ላስይዛቸው?» የሚሉት ይመጣሉ። በዚህ ክረምት ሦስቱ ስለ ዋና ስለሆኑ ወደ እኔ ተመሩ። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል ገንዳ ጀማሪ ልጆችን ሳስተምር ይህ 13ኛ ክረምቴ ነው። እኔ ራሴ ዋና የቻልኩት በ26 ዓመቴ ነው፤ ያውም ጣና ዳር ተወልጄ። ለምን እንደዘገየሁ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

«የ6 ዓመት ልጄን ለክረምቱ ዋና አስመዘገብኳት። አራት ቀን ሄደች። እስካሁን ያየሁት ገንዳው ዳር ተቀምጣ እግሯን ስታንቦጫርቅና ውሃው ላይ እፍ ስትል ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሌላ ቦታ በሁለተኛው ቀን ጥልቁ ውስጥ ተወርውሮ ዛሬ ይዋኛል አሉ። የእኔዋ ግን ልንሄድ ስንል ታለቅሳለች። ገንዘቤን ውሃ በላው?» (እናት፣ ከባሕር ዳር)

እኅቴ፣ አልበላውም። ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት የልጅዎ አሰልጣኝ ሥራውን ያውቃል።

ፊቷን ድንገት ውሃ የነካው ልጅ መጀመሪያ የምታደርገው አየር መሳብ ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ሰውነቷ ራሱ ያደርገዋል። ያን ጊዜ አፏ ውሃ ውስጥ ከሆነ ትን ይላታል፣ ትን ሲላት ትደነግጣለች፣ ስትደነግጥ ሰውነቷ ድርቅ ይላል። ድርቅ ያለ ሰውነት ደግሞ አይንሳፈፍም። ይህን ልማድ ገልብጠን ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ማውጣትን ማስለመድ አለብን፤ በቃል ቢነገር ግን ለልጅ አይገባም። ስለዚህ «እማዬ ከሰል ስታያይዝ እንዴት ነው የምታደርገው?» እላቸዋለሁ። ሁሉም ጉንጫቸውን ነፍተው እፍ ይላሉ። «በሉ ውሃውን አያይዙት።» ዋና የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው ጣሳ እሰጣለሁ። ውሃውን ራሳቸው በራሳቸው ላይ ያፈሳሉ። ሌላ ሰው ሲያፈስባቸው የሚያለቅሱት ልጆች ራሳቸው ሲያፈሱት ይስቃሉ፤ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። አምና አንድ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ጉልበቱ ላይ ብቻ አፈሰሰ። በአራተኛው ቀን ትከሻው ላይ ደረሰ። በስድስተኛው ጣሳውን ሞልቶ አናቱ ላይ ደፋውና ዐይኑን ሳይጠርግ ዞር ዞር ብሎ ማን እንዳየው ፈለገ። እናቱ ያን ቀን አልመጣችም ነበር። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ ይመጣል። «እንደ ታንኳ ተኙ» እላቸዋለሁ፤ የደንገል ታንኳ ያላየ የባሕር ዳር ልጅ የለም። በዚህ ጊዜ ከባዱ ጆሮ ውሃ ውስጥ የሚገባበት ቅጽበት ነው። ድምፅ ሁሉ ድንገት ይጠፋል፤ ልጅቱ አንገቷን ታጠነክራለች፣ ሆዷ ይታጠፋል፣ ወገቧ ይሰምጣል። ማጅራቷን በመዳፌ ደግፌ አንገቷ እስኪላላ እጠብቃለሁ። ሲላላ እጄ ላይ ክብደቱ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ ጣቶቼን አንድ በአንድ እቀንሳለሁ።

እንግዲህ ከአንድ ክረምት ምን ይጠበቃል ቢሉኝ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን የምትመጣ የ6 ዓመት ልጅ ነሐሴ ሲያልቅ ፊቷን ነክራ ትንፋሽ ማውጣት፣ በጀርባዋ መንሳፈፍ፣ ውሃ ውስጥ ስትወድቅ ዞራ ግድግዳውን መያዝና ያለ ረዳት መውጣት ከቻለች በጣም ደስ ይለኛል። እጅ እየቀዘፉ መሄድ የሚቀጥለው ዓመት ጉዳይ ነው። በቴሌቪዥን እንደምናየው የሚቀዝፍ ነገር ግን በጀርባው መተኛት የማይችል ልጅ ሲገጥመኝ እንደ አዲስ ነው የምጀምረው።

ስለ ጎረቤትዎ ልጅ ልንገርዎት። ታላቅ ወንድሜን የአክስታችን ልጅ ከታንኳ ላይ ወርውሮ ነው ዋና «ያስተማረው»። ወንድሜ ዛሬ 50 ዓመት አልፎታል፤ ይዋኛል፤ ፊቱን ግን አንድም ቀን ውሃ ውስጥ አልነከረም። እንደ ኤሊ አንገቱን አውጥቶ ነው የሚሄደው።

ልቅሶዋን በተመለከተ፣ ስትሄድ ብቻ ሳይሆን ስትመለስም ይዩዋት። እያለቀሰች ሄዳ እያወራች ከተመለሰች ይተዉት፣ ያልፋል። ስትመለስም ዝም ካለች ወይም ሌሊት ከባነነች አሰልጣኙን ያነጋግሩት፤ ወደ ጣሳው ይመልሳት። እርስዎ ደግሞ እንድታይዎት ሆነው ይቀመጡ እንጂ ገንዳው አፍ ላይ ቆመው «እጅሽን! እግርሽን!» አይበሉ። ልጅ ሁለት አለቃ ሲኖራት ሁለቱንም አትሰማም።

አሰልጣኙ ውሃው ውስጥ መሆን አለበት፤ ዳር ቆሞ ፊሽካ የሚነፋ ለጀማሪ አይሆንም። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ጀማሪ የያዘ ከሆነም አልወደውም። ከዚያ ጥልቁ ጫፍ ላይ ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ። ወለሉ ላይ ያለው የማፍሰሻ ክዳን ጥርት ብሎ ካልታየዎት ልጅዎ አትግባ፤ ክዳኑ ያልታየበት ውሃ ውስጥ የሰጠመ ልጅም አይታይም። አፍንጫ የሚሰነፍጥ የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሽታው የሚበረታው ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ከመግባቷ በፊት ሽንት ቤት ይውሰዷት፣ ሰውነቷንም ትለቃለቅ። ተቅማጥ ካላት ትቅር።

የባሕር ዳር ሰማይ በክረምት ከሰዓት በኋላ አይታመንም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ይወጣል፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይመለስም። «ከፍዬበታለሁ» ብለው የሚከራከሩኝ ወላጆች አሉ፤ መብረቅ ደረሰኝ አይጠይቅም። የጠዋቱ ክፍል ከዚህ ይሻላል፣ ውሃው ግን ይበርዳል። ከንፈሯ ከጠቆረና ጥርሷ ከተንገጫገጨ የዚያ ቀን ትምህርት አበቃ። ለዚህ ዕድሜ 30 ደቂቃ ይበቃል።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ብቀር ግን አይሆንልኝም። ከዓመታት በፊት «ዋና ችሏል» የተባለ የ7 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር ለመዝናናት መጣ። አባትየው ሦስት እርምጃ ርቆ ስልክ ያወራል። የገንዳው ወለል ተዳፋት ነው፤ ልጁ ከሚቆምበት ወደማይቆምበት ተንሸራተተ። አልጮኸም። አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ አፉ ከውሃው ጋር እኩል ሆኖ፣ በሁለት እጁ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከሩቅ ላየው የሚስቅ ይመስላል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን አባባል እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ሰው ጠባይ ብቻ የተነገረ ነበር የሚመስለኝ። ጎትቼ ሳወጣው አባቱ ስልኩን ገና አልዘጋም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በፈረንጆቹ 2021 ብቻ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ገና 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ልጅዎ ነሐሴ ላይ በጀርባዋ ስትንሳፈፍ ቢያዩም ከክንድዎ እንዳትርቅ። ክንድ ላይ የሚታሠረው የሚነፋ ፕላስቲክም መጫወቻ ነው፤ በእሱ ተማምነው ዞር እንዳይሉ።

«እኔ ዋና የለመድኩት ወንዝ ውስጥ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። የ9 ዓመት ልጄን ነሐሴን ባሕር ዳር እኅቴ ጋ ልልከው ነው። ጣናን የሚያህል ባሕር እያለ ለገንዳ መክፈል ምን የሚሉት ነው?» (አባት፣ ከደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ እናቴ ወንድሞቼ ከጣና መምጣታቸውን የምታውቀው በጥፍሯ ነበር። ማታ በር ላይ ታስቆማቸውና ቅልጥማቸውን ትጭረዋለች፤ ነጭ መስመር ካወጣ ውሃ ገብተዋል ማለት ነው። ታላቁ ብልጥ ስለነበር ቫዝሊን ደብቆ ይወጣል፤ እርሷም ቫዝሊን የሸተተውን ያለ ምርመራ ትገርፋለች። እኔ ሴት ስለሆንኩ ምርመራው እንኳ አልደረሰኝም፤ ዳሩንም እንዳልረግጥ ተከልክያለሁ። 26 ዓመት የፈጀብኝ ይኸው ነው።

እናቴ የምትፈራው ጉማሬ ነበር፤ አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ዛሬም አለ። ቢልሃርዝያን ግን አታውቀውም። ተውሳኩ ዳር ዳሩን ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልግም። የሆድ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ሲቆይም የጉበት ጉዳት ያመጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ልጅዎ እስካሁን ወንዝና ሐይቅ ሲገባ ከነበረ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት። ለአስተማሪ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በክረምት ወንዞቹ አፈር ይዘውበት ስለሚገቡ ጣና ይደፈርሳል። ክንዴን ስነክር ጣቶቼ አይታዩኝም፤ የማላየውን ልጅ ላስተምር አልችልም።

የእርስዎን ችሎታ አልንቅም። ግን ወንዝ የለመደ ሰው ወንዙን የሚያውቀው በበጋ ነው። የእናንተው ወንዝ ጨሞጋ እንኳ በጥርና በነሐሴ አንድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጮቄ ተራራ ላይ የዘነበው ይደርስና ይሞላዋል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ የተማረ ልጅ ወንዝ ችሏል እንዳይሉ፤ ለልጁም ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት።

ወንዝ ዳር የሚያድግ ልጅ ከዋና በፊት ሊያውቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ጓደኛው ሲሰጥም ተከትሎ አለመግባት። ሰጣሚ የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። ባዶ ጀሪካን ክዳኑ ተዘግቶ ሲወረወር ሰው ይዞ ያቆያል። ገመድ፣ ረጅም ዱላ፣ የተጠማዘዘ ጋቢም ይሆናል። እየጮኸ ትልቅ ሰው ይጥራ። የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ እንደ አገራችን ልማድ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ አይገባም፤ ጊዜ ያባክናል። በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ አስቀድሞ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱ መሐል 30 ጊዜ መጫንና 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30 እና 2፤ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ።

ነሐሴን ይላኩት። ወር ሙሉ በተከታታይ የሚመጣ የ9 ዓመት ልጅ ብዙ ይማራል፤ እንዲያውም ከ6 ዓመት ልጅ ይልቅ ይፈጥናል።

«ሦስት አጫጭር ጥያቄ አለኝ። የ8 ዓመት ልጄን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳንግላ ባሕር ዳር ይዣት ልመላለስ አስቤያለሁ፤ በቂ ነው? ጆሮዋ በሕፃንነቷ ይፈስ ነበር፤ ያሰጋል? ፀጉሯ ሹሩባ ነው፣ ቅቤም እቀባታለሁ፤ ክሎሪኑ አይጎዳውም?» (እናት፣ ከዳንግላ)

በሳምንት አንድ ቀን ይከብዳል። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ግማሹን ትረሳዋለች፤ እርስዎም በመንገድ ይደክማሉ። ባሕር ዳር ዘመድ ካለዎት ሁለት ሳምንት ተከታታይ ከሁለት ወር ቅዳሜ ይሻላል። ከሌለዎትም ቅዳሜው ይሁን፤ በመካከሉ ቤት ውስጥ በሳፋ ውሃ እፍ ትበል።

ጆሮዋን አስቀድመው ሐኪም ይየው። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው መግባት የለባትም። ጤነኛ ከሆነ ከዋና በኋላ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ውሃውን ታፍስስ፣ ውጭውን በፎጣ ያድርቁላት። ጥጥ፣ የክብሪት እንጨትና የቁልፍ ጫፍ ጆሮ ውስጥ አይገባም።

ሹሩባው እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ዐይኗ ላይ አይወድቅም። ከመግባቷ በፊት በንጹሕ ውሃ ያርጥቡት፤ የረጠበ ፀጉር ክሎሪኑን ብዙ አይመጥም። ቅቤው ግን ለእኛ ጣጣ ነው። አንዲት ልጅ ቅቤ ተቀብታ ስትገባ ከኋላዋ እንደ ወጥ ላይ ዘይት የሚያብረቀርቅ መስመር እየጎተተች ትሄዳለች፤ ክሎሪኑም ጀርሙን ትቶ ከቅቤው ጋር ሲታገል ይውላል። እሑድ ይቀቧት፣ ዓርብ ማታ በሳሙና ይጠቡት።