ከአኖሬክሲያ የምታገግም ልጄ ክብደቷ በምን ፍጥነት ይመለስ?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ አኖሬክሲያ በተባለው የአመጋገብ መዛባት ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትገባ 39 ኪሎ ነበረች፤ 44 ኪሎ ደርሳ ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ63 ነው። ሐኪሟ «ክብደቷ ቀስ በቀስ ይጨምር» ብለው አሰናበቱን። እኔ ገንፎውንም ቅቤውንም አብዝቼ ቶሎ እንድታገግም እፈልጋለሁ፤ እርሷ ግን አንድ ጭልፋ በጨመርኩላት ቁጥር «እማዬ፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ነው ያሉት» ትለኛለች። ስትበላ ሆዷ ይነፋል፤ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። ጎረቤት ደግሞ ባያት ቁጥር ስለ ሰውነቷ ያወራል። የፍልሰታ ጾምም እየደረሰ ነው፤ እጾማለሁ ብላ ቆርጣለች። ምን ይሻለኛል?

አንዲት እናት፣ ከጎንደር ማራኪ

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ እግዚአብሔር ፈጽሞ ይማርልዎ። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት የሐኪሙን ምክር እርስዎም ልጅዎም በየፊናችሁ ወደምትፈልጉት ጎትታችሁታል፤ ስለዚህ ምክሩ ለምን እንደተሰጠ በማስረዳት ልጀምር።

ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ ኢንሱሊን በብዛት ስለሚያመነጭ በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ወደ ሴሎች ይገቡና በደም ውስጥ ያላቸው መጠን ባንዴ ያሽቆለቁላል፤ ከዚያም የልብ ምት ሊዛባ፣ ትንፋሽ ሊያጥር፣ ሲከፋም ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ሐኪሞች ሪፊዲንግ ሲንድረም የሚሉት ይህ አደጋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከረሃብ የተረፉ ምርኮኞች እህል ካገኙ በኋላ ሲሞቱ በመታየቱ ይበልጥ ታወቀ። የሚበረታው ግን መመገብ በተጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሆን፣ ልጅዎ ያንን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ሆና አልፋዋለች። ስለዚህ ያኔ በጥንቃቄ ትንሽ ትንሽ መብላቷ ትክክል የነበረውን ያህል፣ ዛሬም በዚያው መጠን ልቀጥል ማለቷ ትክክል አይደለም፤ ይህን የሚያስብላት ደግሞ በአብዛኛው ሕመሙ ነው።

ቤት ሆኖ ለሚታከም ሰው ብዙ ጊዜ የሚታቀደው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ መጨመር ነው። በልጅዎ ቁመት ጤናማ ከሚባለው ክልል የታችኛው ጠርዝ 49 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ፣ ሁሉም ነገር ቢቃና እንኳ እዚያ ለመድረስ ወደ ሁለት ወር ተኩል ያስፈልጋል፤ በተግባር ግን አንዱ ሳምንት ስለሚጨምር ሌላው ባለበት ስለሚቆም ከዚያ በላይ መጠበቅ ብልህነት ነው። ደግሞም 49 መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የእርሷ ሰውነት የሚረጋበት ክብደት ከዚያ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባዋ ተቋርጦ ከነበረ ተመልሶ መስተካከሉ ሐኪሟ ከሚያዩአቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

በሳምንት ግማሽ ኪሎ ለመጨመር ክብደቷን ባለበት ከሚያቆየው ምግብ በላይ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል። ይህን በአንድ ድፍን ገንፎ ለመሙላት መሞከር የደከመ ጨጓራን ማስጨነቅ ነው። አንድ ብርጭቆ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት 150፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 170፣ ሽሮዋ ላይ የምትጨመር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120፣ በሶዋ ውስጥ የሚገባ አንድ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ያህል አላቸው፤ ተደምረው የተባለውን ይሞላሉ፤ ሆድ ውስጥ የሚይዙት ቦታም ጥቂት ነው። (ይህ ቁጥር ለእርስዎ ለወጥ ሠሪዋ ነው፤ ማዕድ ላይ አይነሳ። ካሎሪ መቁጠር ለልጅዎ የበሽታው አንድ አካል ነውና።) ሦስቱ ዋና ምግቦችና ሁለት ወይም ሦስት መክሰሶች ሰዓታቸው ተወስኖ ይቅረቡ፤ ራበኝ እስክትል አይጠብቁ፣ ምክንያቱም የረሃብ ስሜቷ ገና የሚታመን አይደለም። ሰውነቷ እያገገመ ሲሄድ የሚያቃጥለው ኃይልም ስለሚጨምር፣ አንዳንዴ ሌሊት በላብ ትነቃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚበቃት የነበረው ምግብ የማይበቃት ሆኖ ክብደቷ ሊቆም ይችላልና የምግቡን መጠን ከሐኪሟ ጋር ተመካክረው ከፍ ያድርጉት።

አሁን ስለ ማዕዱ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት ወጋችን ቢሆንም ማን ምን ያህል እንደበላ ግን ይሸፍናል። እንጀራ ቆርሶ ቆርሶ ሳይጎርሱ ማቆየት፣ የወጡን ዘይት በቁራሹ ጠርዝ እየገፉ ወደ ትሪው ዳር ማራቅ፣ ሥጋውን ለታናሽ ወንድም ማጉረስ በዚህ ሕመም የተያዙ ልጆች የሚያውቁት ዘዴ ነው። ስለዚህ ለጊዜው የእርሷ ድርሻ በሳህን ተለይቶ ይቅረብ፤ እርስዎም አብረዋት ይብሉ። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ የሚወስኑት እርስዎ ይሁኑ፤ ለንደን በሚገኘው ሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ ዛሬ ለወጣቶች በስፋት የሚሠራበት የቤተሰብ ሕክምና የቆመው በዚህ ላይ ነው። ካልበላች አይቆጡ፣ አይለምኑ፣ በግድም አያጉርሱ፤ «ይህ መድኃኒትሽ ነው፤ እስክትጨርሺ አብሬሽ ነኝ» ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ታክሲና ባጃጅ እያለ የጎንደርን ዳገት ቁልቁለት በእግሯ የምትመላለስ ከሆነም የበላችው በመንገድ ያልቃልና ሐኪሟ እስኪፈቅዱ በባጃጅ ትሂድ።

የሆዷ መነፋት የሚጠበቅ ነው። ሲራብ የከረመ ጨጓራ ምግብን ቶሎ ወደ አንጀት አያሳልፍም፤ መፍትሔውም ምግብ መቀነስ ሳይሆን ሳያቋርጡ በተወሰነው ሰዓት መብላት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። የእግር እብጠትም በማገገም ወቅት ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ የሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ቢሆንም፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሟ ይንገሩ። ልጅዎ ምናልባት «ውፍረቱ ሆዴ ላይ ብቻ ሆነ» ትልዎ ይሆናል፤ አልተሳሳተችም። በ1944 እና 1945 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤናማ በጎ ፈቃደኛ ወንዶች ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ረሃብ ኖረው ሩብ የሚሆን ክብደታቸውን ካጡ በኋላ እንደገና ሲመገቡ፣ ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ ተመለሰ። በአኖሬክሲያም ስቡ መጀመሪያ ወገብና ሆድ አካባቢ ሊከማች ይችላል፤ ክብደቷ ሳይወርድ ከቆየ በጊዜ ብዛት ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይከፋፈላል። ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሳ ከከሳች ግን ይህን ሳታይ ትቀራለች።

ሚዛን ላይ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄደች በኋላ፣ በስስ ልብስ ትውጣ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነውና ከመመዘኗ በፊት ውኃ ጠጥታ እንዳይሆን ያስተውሉ። ቁጥሩ የሚረብሻት ከሆነ ጀርባዋን ሰጥታ ትመዘን፤ እርስዎ ይመዝግቡት።

ጎረቤቶችዎ «አሁንማ ሰው መሰልሽ፣ ወፈር ብለሻል» የሚሉት ለምርቃት ነው፤ በእኛ ዘንድ መክሳት እንጂ መወፈር አያሳስብም። እርሷ ግን የምትሰማው በጣም የምትፈራውን ነገር ነው። ቡና ከመፈላቱ በፊት ለቅርቦቹ «ስለ ሰውነቷም ስለ ምግቧም ምንም አትበሏት፤ ስለ ትምህርቷ ጠይቋት» ብለው ይንገሯቸው፤ ክፉ ሰው ካልሆነ ይገባዋል።

ፍልሰታን በተመለከተ፣ ዘንድሮ አትጹም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው በጾም አታስገድድም። ጭንቀቴ ከወተትና ከቅቤ መከልከሏ ብቻ አይደለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ቁርሷንና መክሰሷን ይወስድባታል፤ ሕመሙም ማንም የማይነቅፈው መደበቂያ ያገኛል። ከእርስዎ አፍ ከሚሆን ይልቅ የንስሐ አባቷ ራሳቸው ቢነግሯት ስለሚሻል፣ ጾሙ ሳይገባ የሐኪሙን ምክር ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ።

በማንኛውም ምክንያት ከአምስት ቀን በላይ እህል ሳትቀምስ ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ እየቀመሰች ከቆየች ግን እቤት ውስጥ አብዝተው አይመግቧት፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳ ደሟና ልቧ ይታይ። ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ንግግሯ ከተደነጋገረ፣ እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለች ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፤ ስትገቡም አኖሬክሲያ ታክማ የወጣች መሆኗን አስቀድመው ይናገሩ።