አሥሩ ካርታ ለምን ይደባለቅብኛል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ዕድል የሚነበብበትን ባለ ሥዕል የታሮት ካርታ ከገዛሁ ወራት ተቆጥረዋል። የእያንዳንዱን ካርታ ትርጉም ከሞላ ጎደል ባውቅም፣ አሥር ካርታ የሚዘረጋበትን የኬልቲክ መስቀል በሞከርኩ ቁጥር አምስተኛው ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ይጠፋብኛል። አሁን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ባለኝ ሥራ ልቆይ ወይስ ባሕር ዳር ወዳገኘሁት ልሂድ የሚል ጉዳይ ይዞኛል። የትኛውን አዘረጋግ ብማር ይሻለኛል?
ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ የመጣው ከካርታዎቹ ሳይሆን ከቦታዎቹ ይመስለናል። 78ቱን ካርታዎች፣ ማለትም 22ቱን ታላላቆችና በጽዋ፣ በሰይፍ፣ በበትርና በሳንቲም የተከፈሉትን 56 ታናናሾች በቃሉ ያጠና ሰው እንኳ፣ ካርታው የሚያርፍበት ቦታ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ካልወሰነ ንባቡ የትርጉም ዝርዝር ከመሆን አያልፍም። ልብ በሦስት ሰይፍ ተወግቶ የሚታይበትን ካርታ ይውሰዱ፤ «ያለፈው» በተባለው ቦታ ሲወጣ የደረሰን ሐዘን ያመለክታል፤ «እንቅፋት» በተባለው ቦታ ሲወጣ ግን ያ ሐዘን ዛሬም መንገድ እንደዘጋ ይነበባል። ስለዚህ ካርታ ከመሳብዎ በፊት የየቦታውን ስም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከሳቡ በኋላም ስሙን አይለውጡ፤ ይህን ማድረግ የፈለጉትን መልስ ለራስዎ መስጠት ነውና።

ለጊዜው አሥሩን ትተው በሦስት ይለማመዱ። ብዙዎች ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ይጠይቃሉ፤ እኛ ግን ለጀማሪ «ሁኔታው፣ እንቅፋቱ፣ ምክሩ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ትንቢት እንዲናገሩ አያስገድድዎትምና። ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ ሲቀልዎ ወደ አምስት ይለፉ። ተገልብጠው የሚወጡትንም ለአሁኑ አቅንተው ያንብቧቸው።

ለያዘዎት ጉዳይ የሚስማማው ባለ አምስት ካርታው የምርጫ አዘረጋግ ነው። አንዱን ከታች መሐል ላይ ያኑሩ፤ እርሱ አሁን ያሉበት ነው። ከዚያ በላይ፣ ደጀን ላይ በደብረ ማርቆስና በቢቸና በኩል እንደሚለያዩት መንገዶች፣ በግራ ሁለት ለደብረ ማርቆስ፣ በቀኝ ሁለት ለባሕር ዳር ይደርድሩ። በሁለቱም ወገን የታችኛው «የሚሰጠኝ»፣ የላይኛው «የሚያስከፍለኝ» ይሁን። በባሕር ዳር በኩል ገንዘብና ሥራን የሚያመለክተው ሳንቲም ከታች፣ ስሜትንና ወዳጅነትን የሚያመለክተው ጽዋ ከላይ ቢወጣ፣ ደመወዙን ከሚርቁት ሰው ጋር እንዲመዝኑ ይጋብዝዎታል እንጂ የመሄድ ወይም የመቅረት ትእዛዝ አይሆንም።

የኬልቲክ መስቀልን በሰፊው ያስተዋወቀው ጸሐፊው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የታተሙትን የእርሱን ካርታዎች የሣለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። (እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው የሚለውን ወሬ ብዙ አይመኑት፤ ታሮት በ15ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ጣሊያን የጀመረ የመጫወቻ ካርታ ሲሆን፣ በሰፊው ለጥንቆላ የዋለው በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በፈረንሳይ ነው።) ወደ ኬልቲክ መስቀል ሲመለሱ አሥሩን በአንድ ትንፋሽ አያንብቡ። መጀመሪያ ጉዳዩንና በላዩ የተጋደመውን እንቅፋት እንደ ጥንድ ይያዙ፤ ቀጥሎ በዙሪያቸው ያሉትን አራቱን ያንብቡ። በስተቀኝ የቆሙትን አራቱን ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ራስዎን፣ አካባቢዎን፣ ተስፋና ስጋትዎን፣ ፍጻሜውን እያሉ ይውጡ። በመጨረሻ ቅርቡን ጊዜ የሚያሳየውን ስድስተኛውን ከአሥረኛው ጋር ያስተያዩ፤ ሁለቱ የሚጋጩ ከመሰሉ ምክንያቱን ዘጠነኛው ላይ ይፈልጉት።