የፕላኔት ካሜራ ለመግዛት ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

በቴሌስኮፕ የጁፒተርን ቀበቶዎች በዓይኑ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያምረው ፎቶ ማንሳት ነው። ሻጭ ደግሞ ቀድሞ የሚያወራላችሁ ስለ ሜጋፒክስል ነው። እሱን እለፉት። ጁፒተር ለምድር በምትቀርብበት ወቅት ስፋቷ 45 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው) ገደማ ነው፤ ጨረቃ 1,800 ገደማ ናት። መስታወቱ 150፣ የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 3 እጥፍ ባርሎ (የትኩረት ርቀቱን የሚያባዛ) ሌንስና ፒክስሉ 2.9 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሆነ ካሜራ ብትገጥሙ፣ ጁፒተር የምትይዘው 170 ፒክስል ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጥቁር ሰማይ ነው። ስለዚህ 1920 በ1080 የሆነ ትንሽ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ይበቃችኋል፣ እንዲያውም ይተርፋችኋል።

ገንዘባችሁን ፍጥነት ላይ አውሉት። ከላያችን ያለው አየር ሳያቋርጥ ይናወጣል፤ ምስሉ ጥርት የሚልባቸው ቅጽበቶች በጣም አጭር ናቸው። የፕላኔት ፎቶ የሚሠራው ሺዎች ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያሉት ቪዲዮ በሻርፕካፕ ወይም በፋየርካፕቸር ፕሮግራም ተቀርጾ፣ ምርጦቹ አውቶስታከርት በሚባል ሌላ ፕሮግራም ተለቅመውና ተደራርበው ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ፣ በሰከንድ 100 ፍሬምና ከዚያ በላይ የሚይዝ ካሜራ ፈልጉ። የሠርግ መቅረጫው ትልቅ ካሜራ ቪዲዮውን ስለሚጨምቀው ጥቃቅኑ ዝርዝር ይጠፋል። ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ውድ ካሜራም ለኔቡላ (በህዋ ላለ ደብዛዛ የጋዝ ደመና) እንጂ ለዚህ አይደለም፤ በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሙቀት የሚያመጣው ጉዳት የለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ካሜራና ቴሌስኮፕ ተመዛዝነው ነው የሚገዙት። የፒክስሉን መጠን በማይክሮን ውሰዱና በ5 አባዙት፤ የምታገኙት ቁጥር ቴሌስኮፑ ሊሠራበት የሚገባው የኤፍ ቁጥር ነው (የትኩረት ርቀቱ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል)። 2.9 ማይክሮን ላለው አይኤምኤክስ 462 ሴንሰር 14.5 ይመጣል። ያ ባለ 750 ሚሊሜትሩ ቴሌስኮፕ ኤፍ 5 ስለሆነ በ3 እጥፍ ባርሎ ኤፍ 15 ይሆናል፤ ልክ ነው። ቴሌስኮፓችሁ 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ኤፍ 10 ከሆነ ግን፣ ፒክስሉ 2 ማይክሮን የሆነውን አይኤምኤክስ 678 ብትመርጡ ባርሎ ሳያስፈልጋችሁ ይገጥማል። እዚያው ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 2.9 ማይክሮኑን ከ2 እጥፍ ባርሎ ጋር ብትጠቀሙ ኤፍ 20 ላይ ትደርሳላችሁ። ምስሉ ይተልቃል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ብርሃን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያንን ለማካካስ የፍሬሙን ጊዜ ስታረዝሙ አየሩ ያደበዝዘዋል፣ ጌይኑን (ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላበትን መጠን) ስትጨምሩ ደግሞ ምስሉ ይሻክራል። ከሚገባው በታች ከወረዳችሁ ደግሞ መስታወቱ የለየው ዝርዝር በፒክስሎች መሃል ይጠፋል። የባርሎ እጥፍ ከካሜራው ጋር ባለው ርቀት እንደሚለወጥም አትርሱ፤ መሃል ላይ ቱቦ ከጨመራችሁ 2 እጥፉ 2.5 ሊሆን ይችላል።

በቀለም ካሜራ ጀምሩ። ጥቁርና ነጩ የበለጠ ዝርዝር ይሰጣል፤ ግን የቀለም ማጣሪያዎችን የሚያፈራርቅ የማጣሪያ ጎማ ይጠይቃል፣ ሦስቱም ቀለም በየተራ መቀረጽ አለበት። ጁፒተር ደግሞ ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ስለምትዞር ቪዲዮው ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ ካለፈ ዝርዝሩ መበላሸት ይጀምራል። የካሜራው መስታወት ኢንፍራሬድ የሚያሳልፍ ከሆነ ኢንፍራሬድና አልትራቫዮሌት የሚያግድ ማጣሪያ አብራችሁ ግዙ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ይዛባል፣ ትኩረቱም አይጠራም።

የአየር ብተና ማስተካከያ የሚባለውን መሣሪያ (ፕላኔት ለአድማስ ስትቀርብ አየሩ የሚነጣጥላቸውን ቀለሞች መልሶ የሚገጥም) አገር ቤት ያላችሁ ለጊዜው አቆዩት። ሳተርን እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ላይ ከአድማስ 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ስትል፣ አዲስ አበባ ላይ 58 ዲግሪ ትደርስ ነበር። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ እባካችሁ ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦቫል ቢኤ የተባለው የጁፒተር ነጭ ማዕበል ወደ ቀይ መለወጡን ያስተዋለው ፊሊፒናዊው አማተር ክሪስቶፈር ጎ የሚኖረው በሴቡ ነው፤ ከተማዋ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ 10 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ላይ። ቴሌስኮፑም 28 ሳንቲሜትር ነበር።

ላፕቶፑንም አስቡበት። 640 በ480 የሆነ ምስል በ8 ቢት፣ በሰከንድ 200 ፍሬም ሲቀረጽ በየሰከንዱ 61 ሜጋባይት ይወጣል፤ በ3 ደቂቃ 11 ጊጋባይት። ዩኤስቢ 2 ይህን አይችለውም። ዩኤስቢ 3፣ አጭርና ጥሩ ኬብል፣ ኤስኤስዲ ዲስክ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የጠፉ ፍሬሞችን ቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ከጨመረ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ።

ያገለገለ ካሜራ ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ በቀን ቴሌስኮፕ ላይ ከነባርሎው ግጠሙትና ከፀሐይ በጣም ወደራቀ ሰማይ አዙሩት። ብናኝ ካለ ጥቁር ነጥብ ወይም ክብ ሆኖ ይታያል። ካሜራውን ብቻ ባርሎው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ነጥቡ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ብናኙ ባርሎው ላይ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ካሜራው ላይ ነው፤ በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ንፉት፣ በአፋችሁ አትንፉ፣ በጨርቅም አትንኩት። ያም ሆኖ ካልለቀቀ ከመከላከያው መስታወት ውስጥ ሳይገባ አልቀረም፤ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ሌላ ፈልጉ።