ቼኩን ማን ይፈርም? ጥናቱንስ ማን ይመዝን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ፣ ከገላን፣ ከሰንዳፋና ከቡራዩ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች ሁሉም የሚያነሱት የቆዳ ካንሰር ምርምርን በገንዘብ የሚደግፉ በጎ አድራጎት ድርጅቶችን እና የሚመሯቸውን ሰዎች ነው። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የእድራችን አባል የነበሩ አባት ውስጥ እግራቸው ላይ በወጣ ካንሰር ሞቱብን። ሰባት ሆነን ለምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅት ልናቋቁም ነው። ያከሟቸው ሐኪም ሰብሳቢ ይሁኑ፣ ባለቤታቸው ሒሳቡን ይያዙ ተብሏል። ይበጃል? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ አይበጅም። የሐኪሙን ቅንነት ተጠራጥረን ግን አይደለም። በአገራችን የቆዳ ሐኪምና ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ይተዋወቃል። ዛሬ ሰብሳቢ ያደረጋችኋቸው ሐኪም ነገ ራሳቸው ወይም የክፍል ባልደረባቸው ለጥናት ገንዘብ ሊጠይቁ ይችላሉ። ያኔ ጠያቂውም ፈቃጁም አንድ ሰው ይሆናል። ገንዘብ የሚያመጣው፣ ጥናት የሚመዝነውና ቼክ የሚፈርመው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ሐኪሙን የምትፈልጓቸው ለሁለተኛው ሥራ ነው።

በቅድሚያ የድርጅቱን ዓይነት ቁረጡ። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እድርተኛው ሁሉ ድምፅ ይስጥ ካላችሁ የምታቋቁሙት ማኅበር ነው፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ይሆናል። ጥቂት ሰዎች በየሙያቸው ተከፋፍለው ይምሩት ካላችሁ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ይሻላችኋል። ለዚህኛው ሁለት መሥራች ይበቃል፤ የቦርዱ አባላት ደግሞ ከ5 እስከ 13 ናቸው። እኛ 7 እንላለን። 5 ሲሆን ሁለቱ ለቅሶ ከሄዱ አንድ ሰው በማርፈዱ ብቻ ስብሰባው ይፈርሳል፤ 13 ሲሆን ደግሞ ውሳኔው የሚያልቀው ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ነው።

ከሰባቱ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንዱ የሕግ ባለሙያ፣ አንዱ የቆዳ ሐኪም ወይም ፓቶሎጂስት ይሁን። ከሐኪም አንድ ይበቃል፤ ሁለት ሲሆኑ ሌላው ዝም ይላል። ከእድሩ ሰው የሚያምነው ገንዘብ ያዥ፣ ከነጋዴ አንድ፣ ከሕሙማን ወይም ከቤተሰባቸው ሁለት ጨምሩ፤ ከሁለቱ አንዱ አልቢኒዝም (ከውልደት ጀምሮ የቆዳ ቀለም እጥረት) ያለበት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሥራ አስኪያጁን ቦርዱ ይቀጥረዋል፤ ስብሰባ ላይ ያለ ድምፅ ይቀመጣል። የሥራ ዘመኑን 3 ዓመት አድርጉና ለመጀመሪያው ቦርድ ዕጣ አውጡ፦ ሁለቱ በ1 ዓመት፣ ሁለቱ በ2፣ ሦስቱ በ3 ይውጡ። ሁሉም በአንድ ቀን ከወጡ መዝገቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይቀርም።

ባንክ ላይ ሦስት ሰው ፊርማውን ያስመዝግብ፣ ቼክ በሁለቱ ጣምራ ፊርማ ይውጣ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት አብረው አይፈርሙ። የቼክ ደብተሩ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ ማህተሙ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይቀመጥ። ሁለቱም በአንድ መሳቢያ ከተቆለፉ ጣምራ ፊርማው የይስሙላ ነው፤ በተግባር የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ደመወዝ ላይ አትቸኩሉ። ሕጉ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይብለጥ ይላል። ለሥራ አስኪያጅ በወር 25,000 ብር ብትከፍሉ በዓመት 300,000 ነው። ይህ ብቻውን 1,500,000 ብር ገቢ ይጠይቃል፤ የቢሮ ኪራይና የኦዲተር ክፍያ ገና አልተነሳም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የግማሽ ቀን ሠራተኛ ይበቃችኋል። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሳትመዘገቡ ሳጥን ይዛችሁ ታክሲ ተራ እንዳትቆሙ። ከሕዝብ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስብ ኮሚቴም ቢሆን አምስት ሰውና የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ 400,000 ብር አሰባስበናል። ሦስት ተመራማሪዎች ፕሮፖዛል አስገቡ። ቅር እንዳይሰኙ ለሦስቱም እናካፍል ወይስ እንምረጥ? በምንስ እንምረጥ? (ከገላን)

መልስ፦ አታካፍሉ። 133,000 ብር ይዞ የጀመረ ጥናት መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፤ በመጨረሻ ሦስት ያላለቀ ጥናት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ከምርጫው በፊት ቦርዱ የትኛውን በሽታ እንደሚደግፍ ይወስን። የቆዳ ካንሰር አንድ አይደለም። አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን ፊት፣ ጆሮና አንገት የሚጎዳው በአብዛኛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ሲሆን ምክንያቱ ፀሐይ ነው። ከፍታው ደግሞ ያብሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። በጥቁር ሰው ላይ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው አክራል ሜላኖማ (ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው) ግን ከፀሐይ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ቦብ ማርሌይም ሜላኖማው የጀመረው እግር ጣቱ ላይ ነው። ስለዚህ ውስጥ እግሩ በታመመ ሰው ፎቶ ሥር «ከፀሐይ ተጠበቁ» ብሎ ፖስተር የሚያሠራ ድርጅት የሚደግፈውን በሽታ አላወቀውም ማለት ነው። ፖስተሩን ያጸደቀው ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ምዘናውን ቦርዱ አይሥራው። ከቦርዱ ውጭ ሦስት መዛኞች ፈልጉ፤ ቢያንስ አንዱ ከአዲስ አበባ ራቅ ብሎ ጎንደር ወይም ጅማ የሚሠራ ይሁን። ባለፉት 3 ዓመታት ከአመልካቹ ጋር ጥናት ያሳተመ ወይም አሁን አንድ ክፍል የሚሠራ መዛኝ አይሆንም። እያንዳንዱ ለብቻው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይስጥ፣ 1 ምርጥ ነው። በሁለት መዛኞች መካከል ከ3 በላይ ልዩነት ከመጣ አማካይ ከማውጣታችሁ በፊት አወያዩአቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ያላነበበው ገጽ አለ። በትልልቆቹ ዘንድም አሠራሩ ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ሊዮን ብላክና ባለቤቱ ዴብራ የመሠረቱት የሜላኖማ ምርምር ኅብረት የተነሳው በባለሀብት ገንዘብ ነው፤ ፕሮፖዛሎቹን የሚመዝነው ግን የሳይንቲስቶች ኮሚቴ ነው።

በ400,000 ብር ምን ይሠራል? የጂን ጥናት አይሞከርም። በፓቶሎጂ ክፍል የተቀመጡ የፓራፊን ብሎኮችን (በሰም ውስጥ የታሸጉ የቆዩ ናሙናዎችን) መልሶ ማየት ግን ይቻላል፤ በአግባቡ ከተቀመጡ ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ዕጢው ስንት ሚሊሜትር ጠልቆ ነበር፣ ሕመምተኛው ቁስሉን ካየ ከስንት ወር በኋላ መጣ የሚለውን መመዝገብ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ፕሮፖዛሉ ላይ ሜላን-ኤ ወይም ኤችኤምቢ-45 የሚባሉ የሜላኖማ መለያ ማቅለሚያዎች ካያችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የውጭ ምንዛሬው ከየት ይመጣል? ከጉምሩክ እስከ ላቦራቶሪ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ማን ያቆየዋል? መጋዘን ውስጥ አንድ ሳምንት ያለ ማቀዝቀዣ የከረመ ማቅለሚያ ካንሰሩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

አዲስ ናሙና የሚሰበስብ ጥናት ከሆነ በጀቱ ውስጥ አፈ ሰፊ ዕቃና ፎርማሊን መኖሩን እዩ። ናሙናው ከመጠኑ 10 እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መዋኘት አለበት። በአፈ ጠባብ የመድኃኒት ብልቃጥ ተጠቅጥቆ የገባ ሥጋ ፎርማሊኑ ካጠነከረው በኋላ አይወጣም፤ ለማውጣት ሲቆራረጥ ጥልቀቱን መለካት ያበቃለታል። በጤና ጣቢያ ፎርማሊን ጠፍቶ በግሉኮስ ወይም በሳላይን የሚላክ ናሙና ደግሞ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ይህችን ወጪ የዘነጋ ተመራማሪ ጤና ጣቢያ ደርሶ አያውቅም።

ገንዘቡን በአንዴ አትልቀቁ። የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቃድ ደብዳቤ ሳይመጣ አንድ ብር አይውጣ። ደብዳቤው ሲመጣ 160,000፣ የአጋማሽ ሪፖርቱ ከነደረሰኙ ሲገባ 160,000፣ የመጨረሻው ውጤት ሲቀርብ 80,000 ክፈሉ። ናሙና ወደ ውጭ ይላካል ከተባለ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱን ኮፒ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ አለችኝ። አንድ ድርጅት በወር አንድ 100 ሚሊ ሊትር የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይሰጠናል፤ አይበቃንም ስንል መሪዎቹ ታባክናላችሁ ይሉናል። ማን ነው ልክ? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ እርስዎ ነዎት፣ እናታችን። ፊት፣ ጆሮ፣ አንገትና ክንድ በደንብ ለመቀባት በአንድ ጊዜ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ይሄዳል። በቀን ሁለቴ ቢቀቡ ብልቃጡ በአምስት ቀን ያልቃል፤ ውጭ የምትውል ልጅ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ነው የምትቀባው። ለወር አንድ ብልቃጥ ብሎ በጀት ያጸደቀ ቦርድ ውስጥ ክሬም የሚቀባ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ክሬሙ እስኪስተካከል ሙሉ እጅጌና ዙሪያውን ቢያንስ 7 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ያልብሷት። ነጠላ አይመኑ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ብርሃኑ በቀዳዳው ከታየ ጨረሩም ያልፋል።

ጥያቄ፦ ለቆዳ ካንሰር ምርምር መዋጮ ተጠይቄያለሁ። መሪዎቹ ትክክለኛ መሆናቸውን በምን ልወቅ? (ከቡራዩ)

መልስ፦ የምዝገባ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ይጠይቁና ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያጣሩ። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም እንጂ በሰው ስም መሆን የለበትም። ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርት ይጠይቁ። እነዚህን ሁሉም ሊያሳይዎት ይችላል። ቀጥለው የቦርዱን ቃለ ጉባኤ መዝገብ ይጠይቁ፤ ገንዘብ የተፈቀደበትን ገጽ ገልጠው «አቶ እገሌ ከአመልካቹ ጋር ስለሚሠሩ ከስብሰባው ወጥተዋል» የሚል መስመር ይፈልጉ። በጥቂት ባለሙያ አገር ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲፈቅድ አንድም ሰው ከክፍሉ ያልወጣበት ቦርድ ካጋጠመዎት መዋጮዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።